ችግሩ ከወላጁ ነው ወይስ ከዕቃው? ስለ ሕፃናት ዕቃ የሚታመነውና እውነታው

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት የሕፃን ዕቃ ለመግዛት ሱቅ ሲገቡም ሆነ በስልካቸው ሲያስሱ ጥያቄው ማለቂያ የለውም። ጋሪው በአንድ እጅ ይታጠፋል? የመኪና ወንበሩ ከየትኛው ጋሪ ጋር ይገጥማል? አልጋው እስከ ስንት ወር ያገለግላል? ከሣጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ስለ ደኅንነት ይናገራል፤ ውስጡ ያለው መመሪያ ግን የመጽሐፍ ውፍረት አለው። ቤት ገብተው ማሰሪያው አልጠብቅ፣ ወንበሩም አልረጋ ሲላቸው አብዛኞቹ ወላጆች ጥፋቱን የሚፈልጉት ከራሳቸው ነው። «ዕቃውስ ደኅና ነው፣ እኛ ነን ያላወቅንበት» ይላሉ። በውጭ አገር ያሉት ደግሞ «ቋንቋው ነው የከበደን» ብለው ይጨምሩበታል። ስለ ሕፃናት ዕቃ ከሚታመኑት የተሳሳቱ ነገሮች ሁሉ ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ ውድ ዕቃ ይሻላል የሚለውም፣ ሱቅ የገባ ዕቃ የተፈተሸ ነው የሚለውም የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

ማስረጃው ጎልቶ የሚታየው በመኪና ወንበር፣ ብዙው ሰው ካር ሲት በሚለው ዕቃ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ባስጠናው መሠረት በዚያ አገር ካሉት የልጆች የመኪና ወንበሮች 46 ከመቶ የሚሆኑት ላይ የመከላከል አቅማቸውን ሊቀንስ የሚችል የአጠቃቀም ስሕተት ተገኝቷል። በትክክል የታሰረ ወንበር የሚሰጠው ጥበቃ ደግሞ ትልቅ ነው። ያው መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው ወንበሩ በአውቶሞቢል ውስጥ ያለ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በአደጋ የመሞት ዕድሉን በ71 ከመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለውን ልጅ ደግሞ በ54 ከመቶ ይቀንሳል። ይህን የሚያህል ጥበቃ ያለው ዕቃ ግማሽ ለሚጠጉት ልጆች በሙሉ አቅሙ አይሠራም ማለት ነው። ከመቶ ወላጅ ሁለት ሦስቱ ቢሳሳቱ ጥንቃቄ ጎድሏቸዋል ይባል ይሆናል። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሲሳሳት ግን መመርመር ያለበት ዕቃው ነው። እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን አውጥተው ወንበሩን የገዙ፣ ልጃቸውን በየቀኑ የሚያስሩበት ናቸው፤ ግዴለሽ ቢሆኑ ኖሮ መጀመሪያውኑ አይገዙትም ነበር።

መመሪያውን በደንብ ቢያነቡት ኖሮ አይሳሳቱም የሚል ይኖራል። መመሪያው ግን እንዴት ያለ ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 «ፔዲያትሪክስ» በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት የእነዚህን ወንበሮች የመግጠሚያ መመሪያ የንባብ ክብደት ለክቶ በአማካይ የ10ኛ ክፍል ደረጃ ሆኖ አግኝቶታል። የጤና ትምህርት ባለሙያዎች ለሰፊው ሕዝብ የሚጻፍ ነገር ከ5ኛ ወይም ከ6ኛ ክፍል ደረጃ እንዳያልፍ ነው የሚመክሩት። ስለዚህ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያነበውም አሜሪካዊ ይቸገራል ማለት ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ወላጅማ ችግሩ ከራሱ እንግሊዝኛ ብቻ የመጣ አድርጎ ማሰቡ ራሱን መበደል ነው። መመሪያው ደግሞ አንድ አይደለም። የወንበሩም አለ፣ የመኪናውም አለ፤ ሁለቱ በአንድ ነገር ላይ የተለያየ ገደብ የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ። ሁለቱን አገናዝቦ የሚበጀውን መለየት የተተወው እንቅልፍ ላጣ የአራስ ቤተሰብ ነው።

ስሕተቱ ከንድፍ እንደሚመጣ የሚያሳይ ከዚህም የጠነከረ ማስረጃ አለ። ከሴፕቴምበር 2002 ጀምሮ በአሜሪካ ለገበያ የሚመረቱ አውቶሞቢሎች የልጅ ወንበር ያለ ቀበቶ የሚያያዝበት የብረት መያዣ በኋላ መቀመጫቸው ውስጥ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። የተፈለገውም ሥራው እንዲቀል ነበር። በኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደገፈው የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2012 ያወጣው ጥናት ግን ከታዩት 98 የመኪና ሞዴሎች መያዣቸው ለአጠቃቀም ቀላል ሆኖ የተገኘው 21 ብቻ መሆናቸውን አሳየ። በቀሩት መያዣው መቀመጫው ውስጥ ጠልቆ ተቀብሯል፣ ወይም እጅ የሚያስገባ ክፍተት የለውም፣ ወይም መንጠቆውን ለማያያዝ ከባድ ጉልበት ይጠይቃል። ተቋሙ ከ2015 ጀምሮ መኪኖችን በዚህ ቅለት እየለካ ደረጃ ማውጣት ጀመረ፤ አምራቾችም በየዓመቱ ንድፋቸውን እያሻሻሉ መጡ። ይህ የሆነው ወላጆች በአንድ ጊዜ ጎበዝ ሆነው አይደለም። መያዣው ወደሚታይበትና እጅ ወደሚደርስበት ቦታ ስለመጣ ነው።

በእርግጥ ማሠልጠንም ይረዳል። በአሜሪካ በብዙ ከተሞች ለዚሁ የሠለጠኑና የምስክር ወረቀት ያላቸው ባለሙያዎች ወንበሩን በነፃ ይፈትሻሉ፤ አገልግሎቱ በእሳት አደጋ ጣቢያዎችና በሆስፒታሎች ጭምር ይገኛል፤ በዋሺንግተንና በአካባቢዋ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆችም ሊጠቀሙበት ይገባል። ነገር ግን አንድ የቤት ዕቃ ለመግጠም የሠለጠነ ባለሙያ ማስፈለጉ ራሱ ስለ ዕቃው አንድ ነገር ይናገራል። ሥልጠናው ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ ጉድለት አልነበረም አያሰኝም።

ከዚህ ተነሥተን «ውድ ከሆነ ደኅና ነው» የሚለውን እንይ። በአሜሪካ የሚሸጥ ማንኛውም የልጅ የመኪና ወንበር ዋጋው 60 ዶላርም ይሁን 600 ማሟላት ያለበት ያንኑ ቁጥር 213 የሚባለውን የፌዴራል የደኅንነት መስፈርት ነው። ብዙ ወላጆች የማያውቁት ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ መንግሥት ለእነዚህ ወንበሮች በይፋ የሚሰጠው የኮከብ ደረጃ በግጭት ጊዜ የትኛው ይበልጣል የሚለውን አይለካም። የሚለካው የአጠቃቀም ቅለትን ነው። መመሪያው ግልጽ ነው ወይ፣ ወንበሩ ላይ የተለጠፉት ምልክቶች ይረዳሉ ወይ፣ መኪና ላይ መግጠሙ ይቀላል ወይ፣ ልጁን ማሰሩስ? በትክክል ያልታሰረ ጠንካራ ወንበር በትክክል ከታሰረው ተራ ወንበር ያነሰ ሊጠብቅ ይችላልና። ውድ ወንበር ምንም አይጨምርም ማለቴ ግን አይደለም። ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ቀበቶውን ራሱ ወጥሮ የሚይዝ መቆለፊያ አለው፤ ይህ የመጨረሻው ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነገር ነው። ችግሩ ዋጋው ላይ የተጨመረው ለዚህ ይሁን ለኩባያ ማስቀመጫው ገዢው መለየት አለመቻሉ ነው። አንዱ ወንበር በሦስት ስምና በትንሽ ልዩነት በሦስት ሱቅ ይሸጣል፤ ጋሪው ወንበሩን የሚይዘው ለብቻ በሚሸጥ ማገናኛ መሆኑ የሚታወቀው ከተገዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ትልቁ ጥያቄ «በራሳችን መኪና ላይ ገጥመን ማየት እንችላለን ወይ?» የሚለው ነው። አንችልም ካሉ መመለስ ይቻል እንደሆነ ይጠየቅ።

«ሱቅ የገባ ዕቃ የተፈተሸ ነው» የሚለው እምነት ያስከተለው ጉዳት ከሁሉም ይከፋል። መንግሥት እያንዳንዱን የሕፃን ዕቃ ገበያ ከመውጣቱ በፊት አይቶ አያጸድቅም። በአሜሪካ ከ2008ቱ የሸማቾች ደኅንነት ሕግ ወዲህ ለአልጋ፣ ለጋሪና ለመሳሰሉት አስገዳጅ መስፈርቶች ወጥተዋል፤ አዲስ ዓይነት ዕቃ ሲፈጠር ግን መስፈርቱ የሚደርሰው ከኋላ ነው። ፊሸር-ፕራይስ የተባለው ታዋቂ ድርጅት በ2009 «ሮክን ፕሌይ» የሚል ዘንበል ያለ የሕፃን መተኛ ለገበያ ሲያቀርብ የሆነው ይኸው ነው። ሕፃኑ የሚተኛው 30 ዲግሪ በሚያህል ተዳፋት ላይ ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ግን ሕፃን ጠጠር ባለና ጠፍጣፋ መተኛ ላይ በጀርባው እንዲተኛ ሲመክር የቆየ ነው። በተዳፋት ላይ የአራስ ልጅ ጭንቅላት ወደ ደረቱ ሊወድቅና የአየር ቧንቧውን ሊያጥፈው ይችላል፤ ከተገለበጠም አፍንጫውን ነጻ ለማውጣት አቅሙ ፈጥኖ ይደክማል።

ከዚያ የተከተለው ስለ ጥፋተኝነት የጀመርነውን ያብራራል። ኤፕሪል 5 ቀን 2019 የወጣው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው ወይም መገልበጥ ሲጀምር ዕቃውን መጠቀም እንዲቆም፣ ሁልጊዜም በማሰሪያው እንዲታሰር ለወላጆች የሚናገር ነበር። ሸክሙ አሁንም የወላጅ ነበር ማለት ነው። በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ 4.7 ሚሊዮን ያህል ዕቃ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተወሰነ፤ በዚያን ጊዜ የተመዘገበው ሞት ከ30 በላይ ነበር። በጃንዋሪ 2023 ዕቃውን የመሰብሰቡ ጥሪ እንደገና ሲታወጅ ቁጥሩ ወደ 100 ደርሶ ነበር፤ ቢያንስ ስምንቱ የሞቱት ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ከ10 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ የሕፃን መተኛንና በአልጋ ዙሪያ የሚታሰረውን ወፍራም መከለያ ትራስ ማምረትና መሸጥ ከለከለ።

«ብዙ እናቶች ያመሰገኑት ነው፣ አምስት ኮከብ አለው» የሚለውን ማረጋገጫም ይኸው ታሪክ ይመልሰዋል። 4.7 ሚሊዮን ዕቃ ላይ ወደ 100 የሚጠጋ የተመዘገበ ሞት ሲካፈል በ47,000 ዕቃ አንድ ሕፃን ይሆናል። አንዲት እናት ሃምሳ ጎረቤት ብትጠይቅ ሃምሳዎቹም ልጃቸው በላዩ ላይ ጥሩ እንደተኛ ይነግሯታል፤ አንዳቸውም አልዋሹም። እንዲህ ያለውን አደጋ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ማኅበር ሆኖ ማየት አይቻልም። የሚያየው ሞትን ከአገሩ ሁሉ የሚሰበስብ ተቋም ብቻ ነው። የወላጆች ምስክርነት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፤ ጋሪው ጎማው ይሰበራል ወይ፣ ጨርቁ ይታጠባል ወይ ለሚለው ከእነሱ የተሻለ ምስክር የለም። ስለ ሞት አደጋ ሲሆን ግን ቦታውን መልቀቅ አለበት።

ሣጥን ላይ ስለሚጻፉት ቃላት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ጡጦ ላይ በትልቁ የሚለጠፈው «ቢ.ፒ.ኤ. (በፕላስቲክ ውስጥ የሚገባ ኬሚካል) የለበትም» የሚለው ጽሑፍ በአውሮፓ ኅብረት ከ2011፣ በአሜሪካ ከ2012 ጀምሮ በማንኛውም የሕፃን ጡጦ ላይ ሕጉ የሚጠይቀውን መድገም ነው፤ አንዱን ጡጦ ከሌላው የሚያስበልጥ አይደለም። «አለርጂ የማያስነሣ» የሚለውም በሳሙናና በቅባት ላይ ሲጻፍ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም። እነዚህ ቃላት ገዢው ላይ የሚያመጡት ጉዳት በቀጥታ አይደለም፤ ማወቅ የሚገባውን ክብደትና ቁመት፣ የተመረተበትን ቀን፣ የሞዴሉን ቁጥር በትንሽ ፊደል ወደ ጥግ መግፋታቸው ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሰማ አንባቢ አንድ ከባድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል፦ «ቅለት ይህን ያህል ከሆነ ዎከር ከሁሉም ይቀላል፤ ልጁን ትከተዋለህ፣ ይስቃል፣ እናቱም ሥራዋን ትሠራለች።» ጥያቄው ትክክል ነው። ያ ተዳፋት መተኛም የተወደደው ልጅ በቶሎ ስለሚያስተኛ ነበር። ዎከር፣ በአዲስ አበባ ሱቆችም በቀላሉ የሚገኘው ጎማ ያለው መራመጃ፣ ልጅን እግር ያስተክላል ተብሎ ይታመናል። የሐኪሞቹ አካዳሚ ግን መራመድን እንደማያስተምር፣ እንዲያውም ሊያዘገይ እንደሚችል ይናገራል። በ2018 የወጣ ጥናት ከ1990 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ ከ15 ወር በታች የሆኑ ከ230,000 በላይ ሕፃናት ከዎከር ጋር በተያያዘ ጉዳት ድንገተኛ ክፍል መታከማቸውን አሳይቷል፤ አብዛኞቹ ከደረጃ የወደቁ ናቸው። ካናዳ በ2004 ሽያጩን ፈጽማ ከልክላለች። ወላጅ አጠገቡ ቢቆምም ጎማው ከወላጁ እርምጃ ይፈጥናል። እንግዲህ የምፈልገው ቅለት ልጁን ዝም የሚያሰኘውን ዓይነት አይደለም። ትክክለኛው አጠቃቀም ከስሕተቱ የሚቀልበት፣ ስሕተት ሲሠራም ወዲያው ለዓይን የሚታይበትን ዕቃ ነው። የመኪና ወንበር በዚህ ሊፈተሽ ይችላል፦ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ሲወዘውዙት ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም፤ የልጁ ማሰሪያ ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ሲቆነጠጥ መጨማደድ የለበትም፤ በአሜሪካ ወንበሮች ላይ ያለው የደረት ክሊፕ በብብቱ ትክክል መዋል አለበት። ይህን ፍተሻ ሳያስቸግር የሚያልፍ ወንበር ጥሩ ወንበር ነው፤ በየማለዳው ትግል የሚጠይቀው አይደለም።

«እናቶቻችን ይህ ሁሉ ሳይኖር አሳድገውናል» የሚሉ አሉ፤ ንግግሩ ግማሽ እውነት አለው። አራስ ቤት ከሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከሱቅ አይመጣም። አንቀልባ አንድ ቁራጭ ነው፣ መመሪያ አይፈልግም፣ የልጁን እግር ከፍቶ ስለሚይዝ ለዳሌው አቀማመጥ ይስማማል፤ የማዘሉ ዘዴ ደግሞ ከአያት ወደ እናት በእጅ የተላለፈ ነው። ማንም ነጋዴ ይህን ኋላ ቀር ቢለው ሊሰማ አይገባም። ግማሹ ግን አይሆንም፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቤተሰብ መኪና አልነበረውም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ነው። ምንም ያህል ብትወደው፣ ምንም ያህል ብትይዘው ይህን የሚያስቀር የእናት ክንድ የለም። አቅፎ መጓዝ ደኅና ነው የሚለው እምነት ከሁሉም ቀድሞ መተው ያለበት ነው።

የቀረው ነገር እኛን በተለይ ይመለከተናል፤ ከውጭ በሻንጣ የሚመጣው ዕቃ። ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ያገለገለ ወንበር፣ አልጋ ወይም መተኛ ሲያመጣ «የውጭ ነው» የሚለው ቃል እንደ ዋስትና ይቆጠራል። ነገር ግን ከገበያ የተሰበሰበ ዕቃ ጥሪው ሻንጣውን ተከትሎ አይመጣም። በአሜሪካ አገር ውስጥ እንኳ ጥሪው ለሁሉ አይደርስም ነበር፦ በ1998 በቺካጎ አንድ ሕፃን የሞተው ከአምስት ዓመት በፊት ከገበያ እንዲሰበሰብ በተወሰነ ተጣጣፊ አልጋ ውስጥ ነው፤ ለአልጋ፣ ለጋሪና ለመሳሰሉት ዛሬ የሚሰጠው የምዝገባ ካርድ የመጣው ከዚያ በኋላ በወጣ ሕግ ነው። ካርዱን ሞልቶ የሚልክ ገዢ ጥሪ ሲኖር በቀጥታ ይነገረዋል፤ ዕቃው ሁለተኛ ሰው እጅ ሲገባ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የመኪና ወንበር ደግሞ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከተመረተ ከ6 እስከ 10 ዓመት ነው፣ ቀኑም ከወንበሩ በታች ወይም ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል። በከባድ አደጋ ውስጥ ያለፈ ወንበር ከላይ ምንም ባይታይበት እንኳ ዳግመኛ አያገለግልም።

አገር ቤት ባለው መኪና ላይ የሚያጋጥም አንድ ሌላ ችግር አለ፤ ሲነገርም አይሰማም። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩ መኪኖች ቀበቶ የልጅ ወንበር ሲታሰርበት ተቆልፎ እንዲቀር መሆን አለበት፤ የአሜሪካ ወንበሮችም ብዙዎቹ ይህን ታሳቢ አድርገው የተሠሩ ናቸው። ለሌላ ገበያ የተሠራ መኪና ቀበቶ ግን ይህ መቆለፊያ ላይኖረው ይችላል፤ ያኔ ወንበሩ በዓይን ታስሮ ይታያል እንጂ በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይላላል። ስለዚህ ለዘመዶቻችሁ ወንበር የምትልኩ ሁሉ፣ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር በአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የጥሪ መዝገብ ላይ ፈልጉ፣ የማብቂያ ቀኑን እዩ፣ መመሪያውን አብራችሁ ላኩ። ከዚያም ለተቀባዩ ደውላችሁ የመኪናውን የኋላ ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቦ ቀስ እያለ እንዲመልሰው ንገሩት። ወደ ኋላ ብቻ እየገባ ዳግም አልሳብ ካለ ይቆልፋል። ካልቆለፈ ያ ወንበር ለዚያ መኪና ቀበቶ አይሆንም፤ በራሱ ላይ የቀበቶ መቆለፊያ ያለው ሌላ ላኩ።